አልሰመጠችም

«ጌታዬ ባዘዘው» ብላ ወለደችው፤
ባዘዘው ተባለ። አዛዡ ብዙ ነው
ብሎ የነገራት ማንም ሰው አልነበር
በቁንዝላ ዳርቻ፣ በደንገሉ ሰፈር።

ታላቄ ነው። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣
በጉልበቱ ረግጦ፣ በጥርሱ አጥብቆ
ታንኳ ሲያስር ያየ ላም ያልብ ይመስለዋል፤
ጣቱ እንዲያ ነበር። ጆሮው ግን ይበልጣል።
ጨለማ ላይ ሆኖ፣ ትንፋሽ ብቻ ሰምቶ፣
«ጉማሬ ነው» ይላል በጀርባው ተኝቶ።
«ነፋስ አለ ነገ» ሲል እየሰሙ የተነሱ
ባሕር ዳር ሳይደርሱ እንጨታቸውን ለጣና ለገሱ።

ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር መጨረሻ፣
ሊቀመንበሩ መጣ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ፣ ወደ ማምሻ።
ወረቀቱ ላይ ያለው ስም (ይኸን እስከ ዛሬ አልተናገርኩም)
የኔ ነበር። «ጥጋቡ!» አሉ። አልመለስኩም።
ደንገሉ ውስጥ ነበርኩ፣ ውሃው እስከ አገጬ፣
አንድ ሸምበቆ ነክሼ፣ ትንፋሼን ውጬ።
እሱ ግን ሰማኝ። ያ ጆሮ ምን ያመልጠዋል?
ጥርሴ ሲንገጫገጭ ከደጃፍ ይሰማዋል።
ዞር ብሎ ሳያይ፣ በእጁም ሳይጠቁም፣
«ጥጋቡ እኔ ነኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በስሜ ተጠራ፤
ጥጋቡ እየተባለ ተራበ፣ በዚያ ደረቅ ተራራ።
የላከው ደብዳቤ አንድ ነው፤ ያውም ጸሐፊው ሌላ፤
«ውሃ የለም» ይላል፤ ከዚያ ሰላምታ፤
ከዚያ «ጥጋቡ፣ ስታስር እንዳታላላ።»

ሰኔ ላይ ተመለሰ፣ በእግሩ፣ በልመና፣
ኮዳው ባዶ ነበር፤ ቤት ሳይገባ ሞላው ከጣና።
እናቴ እልል አለች። አልዞረም።
እኔ ስሙን ጠራሁ፤
ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ ነው የገባኝ፣ ፈራሁ።
መድፉ ጆሮውን ወስዶ ቀሪውን መልሶልናል፤
አሁን ወጀብ ሲመጣ
እሱም እንደ እኛ ሰማይ አይቶ ይገምታል።

የሐኪም ወረቀት አለው፣ ጠርዙ የተበላ፤
«ቁስለኛ፣ ጥጋቡ።»
እኔ ግን ጤነኛ ነኝ። የሚያመኝ ነገር የለም ከማታ በኋላ።
ይቅርታ እንዳልለው፣ በምን ይሰማኛል?
ይኸን ምክንያት ይዤ ስንት ዓመት ተኝቻለሁ።

መስከረም ጠባና ደንገል ሊያጭድ ገባ።
ማሰሩን አልረሳም፤ ቋጠሮው አልተዛባ።
ታንኳዋ ግን ጠባብ፣ ቁመቷ የአንድ ሰው፤
መቀመጫ የላት፤ በግራ በቀኟ
አራት እጀታ አላት፣ አራት ሰው የሚይዘው።
«ይቺ ምን ልትጭን ነው?» ይላል ሰፈርተኛ።
ቃሬዛ ነበረች።

ማታ ማታ ገፍቶ ወደ ጥልቁ ይለቃታል፤
እስክትርቅ ያያታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።
አራተኛዋን የለቀቀ ለታ፣
በመሠረተ ትምህርት ፊደሌ፣ አሸዋው ላይ፣ በጣቴ፣
«ለማን?» ብዬ ጻፍኩ።
(ሌላም ቃል መጻፍ እችል ነበር። አልጻፍኩም።)
«አገራችን ውሃ አለ፣ አጠጣችኋለሁ ብያቸው ነበር» አለ።
ድምፁ እንደ ደንቆሮ ድምፅ ከፍ ያለ፣
ወፎቹ ከሾላው ተነሱ።

ሰባት ለቀቀ። ከዚያ እጁን ታጠበ፤ ተወ።

ጥር ላይ እንድሪስ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለ፣
በአንዷ ላይ ተንፈራጦ፣ ሽንኩርቱን በሁለት ጆንያ ቆልሎ።
«ሰው የሌላት ታንኳ መረቤን ቀደደች!
የማን ናት? ካሳ ካላመጣ አልመልስም!»

ባዘዘው ግን ሮጦ እስከ ወገቡ ገባ።
ጎኗን ዳሰሰ፤ ቋጠሮዋን፤ ጆንያውን።
«ከበዳት?» አለ።
«ሽንኩርት ነው!» አለ እንድሪስ።
«እ?»
«ሽን-ኩርት!»
«አልሰመጠችም?»

እንድሪስ ካሳውን ረሳ።
እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤
እኔም ጮህኩ ከዳር፤
እናቴም፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ፣ ከደጅ፤
«አልሰመጠችም!»

ይስማ አይስማ አላውቅም።
አንደኛውን ጆንያ ትከሻው ላይ አደረገ፣
ሽንኩርቱን ማውረድ ጀመረ።